ጦም ያደረ መሬት

ስለ እትዬ ብዙዬ መሬት ሁለት ቃል አለ።

አንደኛው በአንድ የመመረቂያ ጥናት ውስጥ ተጠርዞ የተቀመጠ ነው። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከላይ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በጓሳ ሜዳ ቀበሌ ከተጠየቁት ስልሳ አራት አባወራዎችና እማወራዎች መካከል ሠላሳ ስምንቱ የእርሻ መሬታቸውን ትተውታል።» ከአንቀጹ ሥር ካርታ አለ። የተተወው መሬት ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሽፋኑ ላይ የጸሐፊው ስም ሰፍሯል፦ ይሄነው አለምነው፣ የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ፣ አራተኛ ዓመት።

ሁለተኛው ቃል የተጻፈበት ወረቀት የለም። እትዬ ብዙዬ ራሳቸው በወፍጮ ቤት፣ በለቅሶ፣ በማኅበር፣ ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ የሚደጋግሙት ነው፦ «እኔ መሬቴን ትቼ አላውቅም። ባሌን ቀብሬ፣ ሐዘኔ ሳይወጣልኝ ጥማድ ለምኜ ያሳረስኩት መሬት ነው። ትታዋለች ያለ ሰው ፊቴ ይቁምና ይንገረኝ።»

ጉዱ ደግሞ ሁለቱም ቃል የተቀዳው ከአንድ አፍ መሆኑ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ በአንድ ረፋድ፣ በእትዬ ብዙዬ ቤት መደብ ላይ ተቀምጦ የሰማውም ያስጻፈውም ይሄነው ነበር።

እትዬ ብዙዬ እሱን ፍለጋ መካነ ሰላም የወረዱት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። ገበያ ግን አልገቡም። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ሄዱ። ይሄነው ከቤተ መጻሕፍት ተጠርቶ ሲመጣ፣ የበሩ ጥበቃ አስቻለች ገና ከሩቅ ተቀበለችው።

«ዘመድህ ናቸው?» አለችው።

«እነማን?»

«እኒያ ሴትዮ። ችካል ይዘዋል። አስቀምጡት ብላቸው ‹ማስረጃዬ ነው› አሉኝ። በል አንተው ተረከባቸው።»

ችካሉ ክንድ የሚያህል የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ጫፉ ቀይ ተቀብቷል። እትዬ ብዙዬ ጳጳስ መስቀል እንደሚይዝ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆመዋል። ይሄነው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሊላቸው ሲል ችካሉን በመሐላቸው አደረጉት።

«ቆይ። አስቀድመህ ስምህን ንገረኝ። ወረቀቱ ላይ አንብበውልኛል፤ አሁን ከአፍህ ልስማው።»

«ይሄነው።»

ከጫማው ጀምረው እስከ መነጽሩ አዩት። ከዚያ ወደ አስቻለች ዞሩ።

«ይሄ ነው? አራት ዓመት ሙሉ ተምሮ ተምሮ፣ ይሄ ነው?»

አስቻለች ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። ይሄነው በስሙ ሲቀለድበት የኖረ ሰው ስለሆነ እንደ ወትሮው ፈገግ ሊል ሞከረ፤ የሴትዮዋን ዓይን ሲያይ ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

«ይቀመጡ እትዬ፣ ከዚህ ጥላ ሥር እንነጋገር።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። መጋቢት ላይ ከዚያች ከነጋዴው ልጅ ጋር ቤቴ መጣህ። አስገባሁህ። ገብስ ቆልቼ አቀረብኩልህ፤ ጥርስህ ደካማ ነው፣ ግማሹን ለልጅቱ አሳለፍክላት። እውነት ነው ውሸት?»

«እውነት ነው።»

«መሬትዎ እንዴት ነው አልከኝ። ምን ብዬ መለስኩ?»

ይሄነው መልሱን ለማስታወስ አልተቸገረም። «ጦሙን አድሯል ብለውኛል።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ‹ትቼዋለሁ› ያልኩህስ የቱ ላይ ነው?»

ይሄነው ዓይኑን ችካሉ ላይ ጣለ።

«በልጉ ቀረ» አሉ እትዬ ብዙዬ፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ይበልጥ የሚያስፈራ ሆነ። «አምናም ቀረ፣ ዘንድሮም ጠብ አላለም። በደረቅ አፈር ላይ ዘር በትኜ ለወፍ አልቀልብም፤ ጦሙን ይደር አልኩ። ክረምቱ ሲመጣ ይፈስካል። ልጄ፣ የጦመ ሁሉ የሞተ ከሆነ እኔን በሁዳዴ ትቀብሩኝ ነበር።»

ከዚያ ችካሉን እጁ ላይ አኖሩለት።

«ይሄ ማሳዬ መሐል የተተከለው ነው። እንዲህ ያለ ሠላሳ ስምንት አለ፤ ቁጥሩን አንተ ታውቀዋለህ። የካርቦን ደን ነው አሉ። በሰኔ ዝናብ ልዘራበት ብዬ የመጀመሪያውን እርሻ ገምሼ ጨርሻለሁ፤ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ደግሞ ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክልበታለን አሉ። ማክሰኞ ስብሰባ ነው። ወረቀትህን ሊያነቡብን ነው።»

«አብሽሩ እትዬ» አለ ይሄነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ለተጨነቀ ሰው የሚለው ቃል ስለሆነ ሳያስበው ወጣ። «እናስተካክለዋለን።»

«አታብሽረኝ» አሉት። «ያበሸሩኝ ሰዎች በዝተው ነው እዚህ የደረስኩት።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ይሄነው ችካሉን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ።

ይሄነው ቶሎ የሚቆጣ ሰው አይደለም። አገሩ ኩታበር እያለ ወንድሞቹ ሲጣሉ አስታራቂው እሱ ነበር፤ ዶርም ውስጥ ስምንት ሰው በአንድ ቻርጀር ሲጨቃጨቅ ተራ የሚያወጣው እሱ ነው። ለሁሉም ነገር ሁለት ወገን አለው ብሎ ያምናል። የዚያን ቀን ግን ከበሩ እስከ ዶርሙ ሲሄድ፣ ሁለተኛውን ወገን ፈልጎ ባጣ ቁጥር ጆሮ ግንዱ ሥር የሆነ ነገር ይግል ጀመር። መጀመሪያ በሴትዮዋ ተቆጣ፤ ሰው ፊት አዋርደውታልና። ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ይህ ቁጣ አላዋጣ አለው። ቀጥሎ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ተቆጣ፤ ይሄኛው ትንሽ አስኬደው። አልጋው ሥር ያለውን ማዳበሪያ ጎትቶ ሲያወጣ ግን ቁጣው አድራሻውን አገኘ።

ማዳበሪያው ውስጥ ስልሳ አራቱ መጠይቆች አሉ። መጠይቁን የሠራው እሱ አይደለም፤ አማካሪው ዶክተር ስማቸው ከሌላ አገር ጥናት አውርደው «ይሄንን ተርጉምና ተጠቀምበት» ብለው የሰጡት ነው። ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ «የመሬቱ አሁናዊ ሁኔታ» ይልና አራት ሣጥኖች ይደረድራል፦ አንድ፣ የሚታረስ፤ ሁለት፣ ግጦሽ፤ ሦስት፣ ደን፤ አራት፣ የተተወ። መሬት ጦሙን ማደር እንደሚችል የማያውቅ አገር የሠራው ሣጥን ነው። አምስተኛ ሣጥን የለም።

ያን ቀን በእትዬ ብዙዬ ቤት አሚራ ይህን ወዲያው አይታው ነበር። አሚራ የክፍል ጓደኛው ናት፤ የራሷን ጥናት ቀድማ ስለጨረሰች መረጃ ልትሰበስብለት አብራው ወጥታለች። እስክሪብቶዋን ሣጥኖቹ ላይ አንጠልጥላ «ይሄ የት ይግባ?» አለችው። እሱም፣ ቀኑ እየሄደ ስለነበር፣ የሚጠየቅ ገና ስልሳ ቤት ስለቀረ፣ «አራተኛው ላይ አድርጊው፤ አብሽሪ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አላት።

አሁን መጠይቆቹን አንድ በአንድ አገላበጣቸው። አራተኛው ሣጥን ላይ ምልክት ያለባቸው ሠላሳ ስምንት ናቸው። በሠላሳ ስምንቱም ኅዳግ ላይ የእጅ ጽሕፈት አለ። የአሚራ ጽሕፈት ክብ ክብ ነው፦ «ጦም ያደረ። በልግ ስለቀረ። ለመኸር ይታረሳል።» ይህ በሃያ አንዱ ላይ ነው። የቀሩት አሥራ ሰባቱ የእሱ የራሱ ጽሕፈት ናቸው፤ ቸኩሎ የጻፈው፣ ወደ ቀኝ የሚያዘምም፦ «ጦም ያደረ፤ በኋላ ይስተካከል።»

አሥራ ሰባት ጊዜ «በኋላ ይስተካከል» ብሎ ጽፏል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገባ ግን ኅዳግ የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። አራት። አራት። አራት። ካርታውን የሠራበት የሳተላይት ምስል ደግሞ የየካቲት ነበርና፣ በየካቲት የጓሳ ሜዳ ማሳ ሁሉ ራቁቱን ስለሆነ፣ ምስሉም መጠይቁን መሰከረለት። ሁለት ደንቆሮ ተስማሙ። ያን ጊዜ ይህን ስምምነት አይቶ እንዴት ደስ እንዳለው ሲያስታውስ መጠይቁን በቡጢ መታው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአፍስ ቢያንስ ነፋስ ይወስደዋል፤ የእሱ ወለምታ ገጽ ቁጥር አለው።

ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወደ ከተማ ወጣ። አሚራን ያገኛት በአባቷ በሙሐመድአሚን ሱቅ ውስጥ ነው፤ አባቷ ለሶላት ወጥተው እሷ ለአንዲት ሴት የቀሚስ ጨርቅ ትለካለች። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀ። ከዚያ ችካሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

አሚራ አላነሳችውም። «ብዙዬ መጥተው ነበር?»

«በምን አወቅሽ?»

«እዚህም ተሻግረው ነበር። ለእኔ አልተናገሩም፤ እያዩኝ ምራቃቸውን ዋጡ። ከመናገር ይልቅ እሱ ባሰብኝ።»

«አሚራ፣ ማክሰኞ ጓሳ ሜዳ ላይ ጥናቱን በስብሰባ ሊያነቡባቸው ነው። ካስተካከልኩት ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሠላሳ ስምንቱ ወደ ‹የሚታረስ› ሲገቡ የመደምደሚያው ምዕራፍ ይፈርሳል። እስከ ሐሙስ አይደርስም። ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ሐሙስ ማለት ጥናቱን በመምህራን ፊት አቅርቦ የሚፈተንበት ቀን ነው። ካለፈ ይመረቃል፤ ካላቀረበ ከርሞ።

አሚራ ሜትሩን ጠቅልላ አንገቷ ላይ አደረገች።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለችው።

«ጓደኛዬ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

«ጓደኛህ ስለሆንኩ ያን ቀን እኔ ጠይቄሃለሁ። ‹የት ይግባ› ብዬሃለሁ። አበሸርከኝ። እኔም ወላሂ አምኜህ ነበር፣ ይሄነው ያለውን ይሠራል ብዬ። አሁን ደግሞ መልሰህ እኔን ትጠይቃለህ? አራቱ ሣጥን አለልህ አይደል፣ አንዱ ውስጥ ክተተኝ።»

«አትቆጪ እንጂ።»

«ለምን አልቆጣም? ያንተ ትዕግሥት አይደል እዚህ ያደረሰን! ሁሉንም ታዳምጣለህ፣ ለሁሉም ፍርድ ትሰጣለህ፣ ከዚያ ‹በኋላ› ትላለህ።» ችካሉን አሁን አነሳችውና አቀበለችው። «ማክሰኞ እመጣለሁ። ማዳበሪያውን እሸከምልሃለሁ። ከዚያ ያለፈውን አንተ ታውቃለህ።»

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ስማቸው ቢሮ ገባ። ዶክተር ስማቸው ክፉ ሰው አይደሉም። አሥራ አንድ ተማሪ ያማክራሉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ አሥራ አንድ ጥራዝ ተቆልሏል፤ የይሄነው ከላይ ነው። ማዳበሪያ የተሸከመ ተማሪ ሲያዩ ፈገግ አሉ።

«ምንድነው፣ የመኸር ምርት ነው?»

ይሄነው አልሳቀም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። የኅዳግ ጽሕፈቶቹን አሳያቸው። ዶክተር ስማቸው ሦስቱን አነበቡ፤ አራተኛውን አላነበቡም።

«ጥሩ። የጥናቱ ውሱንነት የሚል ክፍል አለህ አይደል? እዚያ ላይ ሁለት መስመር ጨምር። ‹የአካባቢው አገላለጽ ከምድቦቹ ጋር ሙሉ በሙሉ ላይጣጣም ይችላል› በል። አለቀ።»

«ዶክተር፣ ችካል ተተክሏል።»

«ችካሉን የተከልነው እኛ ነን?»

«የተተከለው ግን በእኔ ካርታ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ሲል የራሱ ድፍረት ገረመው። ዶክተር ስማቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ጥናቶቻችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጡ፣ ለኅብረተሰቡ ይዋሉ እየተባልን ነው። አዋልኩት። አሁን ደግሞ ለምን አዋልክ ልትለኝ ነው? ስማ ይሄነው፣ ሐሙስ ታቀርባለህ። ስምህን ለረዳት መምህርነት አስተላልፌያለሁ፤ ከመቶ ሃያ ተማሪ አንድ ስም ነው ያስተላለፍኩት። ጥናቱን ከሳብከው ለከርሞ ነው፤ ቦታው ግን ከርሞ አይጠብቅህም። ይህን ሁሉ የምታጣው ማንም ለማይጠይቅህ አንድ አንቀጽ ነው። አምስት ዓመት ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ገጽ ሠላሳ አንድን የሚያነብ የለም።»

«ጓሳ ሜዳ ላይ ግን ሊያነቡት ነው።»

«እንዲያውም ደግ አነሳኸው» አሉ ዶክተር ስማቸው፣ ጥራዙን ወደ እሱ እየገፉ። «ነገ የጽሕፈት ቤቱ ሰው አቶ ውበቱ በመኪናቸው ይወስዱሃል። ግኝቱን በአጭሩ ታብራራላቸዋለህ። ለሐሙስም ልምምድ ይሆንሃል።»

ይሄነው ልምምድ የሚለውን ቃል ጥርሱ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይዞት ወጣ። ግቢው ውስጥ የገዛ ትምህርት ክፍሉ ያሰቀለው ጨርቅ በነፋስ ይንቀሳቀሳል፦ «መሬትን እናድምጥ»። ቆሞ አነበበው። የሰዎቹን ቃል እንኳ አላደመጠም፣ የምን መሬት።

እናቱ ሙሉሐረግ ከኩታበር የደወሉት ያን ሰዓት ነው። የምረቃ ሱፉ ደሴ ተሰፍቶ አልቋል፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል ግን ያሳጥሩታል። አባቱ በሚኒባስ የሚመጣውን ዘመድ ስም ጽፈው ጨርሰዋል፤ ሁለት ሰው በዝቶ ማን ይቅር ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። «አንተ ብትኖር ታስታርቀን ነበር» አሉት እየሳቁ። «ጥናቱስ እንዴት ሆነ?»

«እያለቀ ነው እማዬ» አላቸው። ይህም ውሸት አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ተያያዘው። አሚራ ማዳበሪያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። አቶ ውበቱ ይነዳሉ፣ ያወራሉ፤ ቀና ቀና የሚል ወሬ ነው። ዞኑ ውስጥ የመጀመሪያው የካርቦን ደን ሊሆን ነው። የተጎዳ መሬት ያገግማል፣ ምንጭ ይመለሳል።

«ደግሞ ምስጋናው ላንተ ነው» አሉት ይሄነውን ጉልበቱን መታ እያደረጉ። «ጥናትህ አባሪ አንድ ሆኖ ገብቷል። ያለ እሱ ፋይሉ ከዞን ተመልሶ ይመጣብን ነበር፤ ‹መሬቱ መተዉን በምን አረጋገጣችሁ› ይሉናላ።»

ይሄነው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አምባ መቅደላ በጠራ ቀን ከሚታይበት አፋፍ ላይ ደርሰዋል። ከአፋፉ ወዲህ የጓሳ ሜዳ ማሳዎች ተዘርግተዋል። በካርታው ላይ ቀይ የነበረው ሁሉ ጥቁር ነው፤ አዲስ የተገመሰ አፈር፣ ጓሉ እንኳ ያልተከሰከሰ። በየጥቁሩ መሐል ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ቆሟል። በአንዱ ማሳ ላይ ግን ችካል የለም፤ ጉድጓዱ ብቻ ይታያል።

«ይሄ ታርሷል እኮ አቶ ውበቱ» አለ።

«ሰምተው ነው ያረሱት። መሬት ሊወሰድ ነው ሲባል ማን ዝም ይላል? የታወቀ ብልጠት ነው።»

ይሄነው ቀኑን ለማስላት ሞከረ። ችካሉ ከተተከለ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ይህ ሁሉ ማሳ ደግሞ በሁለት ሳምንት አይገመስም፣ ጥማድ ያለው ከሦስት አንድ ሰው ነው። የሰውዬውን ፊት አየ። የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም፤ ያመነ ሰው ፊት ነው። እንዲያምኑ ያደረጋቸው እሱ ነው። ይህ ደግሞ ከውሸት የባሰ አናደደው።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። እትዬ ብዙዬ ፊት ለፊት ናቸው። ይሄነውን ሲያዩት ሰላም አላሉትም፤ ከአቶ ውበቱ ጋር ከአንድ መኪና ሲወርድ አይተውታል።

አቶ ውበቱ ስለ ደኑ ተናገሩ። ደኑ ካርቦን ይይዛል፣ ካርቦኑ ይሸጣል፣ ከሽያጩ ለቀበሌው ይደርሳል።

«ካርቦን ምንድነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አየር ነው፤ የአየር ዓይነት ነው።»

«አየሩንማ ውሰዱት» አለ ሰውየው። «መሬቱን ተዉልን እንጂ።»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ ውበቱም አብረው ሳቁና እጃቸውን አነሡ። «መሬቱን አልወሰድንም። የተተወ ነው። ይህ የእኔ ቃል አይደለም፣ የሳይንስ ቃል ነው፤ ከእናንተው አፍ የተወሰደ።» ጥራዙን ከፍተው ገጽ ሠላሳ አንድን በአማርኛ እየመለሱ አነበቡ።

አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ አሕመድኑር፣ በትራቸውን ተደግፈው በዝግታ ተነሡ።

«ብዙዬ ሁዳዴዋን ስትጦም፣ እኔ ረመዳኔን ስጦም ጎረቤታሞች ነን፤ አርባ ዓመት ሆነን» አሉ። «ሁለታችንም የተተውን መሆናችንን የነገረን አልነበረም። አላህ ይስጥልን፣ ዛሬ ሰማን።» ተቀመጡ።

«ቀልዱን እንተው» አሉ አቶ ውበቱ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። «ተመራማሪው ራሱ እዚህ አለ። ይንገራችሁ። ና ይሄነው።»

ይሄነው ተነሥቶ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። የልማዱን ጀመረ፦ «በአንድ በኩል፣ የመሬት መራቆት እውነተኛ ችግር ነው፤ ደን ያስፈልገናል። በሌላ በኩል...»

የእትዬ ብዙዬን ዓይን አየ። የሚጠብቁት አልነበረም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ተስፋ አለበት። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ዓይን ነበር። ይሄነው አቆመ። አሚራ ማዳበሪያውን ፈትታ የመጀመሪያውን መጠይቅ አቀበለችው።

«መጠይቅ ቁጥር ሦስት» ብሎ አነበበ። «ጦም ያደረ። በልግ ስለቀረ። ለመኸር ይታረሳል።»

ሁለተኛውን ተቀበለ። «ቁጥር አራት። ጦም ያደረ። በልግ ስለቀረ።»

«ይሄነው» አሉ አቶ ውበቱ።

«ቁጥር ዘጠኝ። ጦም ያደረ።»

ሰዎቹ የገዛ ቃላቸውን መለየት ጀመሩ። «እሱ የእኔ ነው» አለ አንዱ። «አሥራ ሁለት የእኔ ቤት ነው፣ ልጅቱ ስትጽፍ አይቻለሁ።» ንባቡ እየገፋ ሲሄድ እትዬ ብዙዬ ራሳቸው ከንባቡ ቀድመው «ለመኸር ይታረሳል» አሉ። የራሱ ጽሕፈት ካለበት ሲደርስ «በኋላ ይስተካከል» የምትለዋንም ሳይዘል አነበባት። አሥራ ሰባት ጊዜ አነበባት።

ሲጨርስ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አንድም ሰው ትቼዋለሁ አላለኝም። ሣጥኑ አራት ነበር፣ የእነሱ ቃል አምስተኛ ነው። አራተኛው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ውበቱ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተቆጥተዋል፤ ግን የተቆጡት እንደተታለለ ሰው ነው።

«ይሄ የእጅ ጽሕፈት ነው። እኔ የያዝኩት የተጠረዘውን፣ አማካሪህ የፈረመበትን ነው። ሐሙስ ይሄንኑ ይዘህ ልትቀርብና ልትመረቅበት ነው። ዛሬ እዚህ ውሸት ነው፣ ከነገ ወዲያ እዚያ እውነት ነው? በሁለት ምላስ አይሆንም። ጥናቱ ልክ ነው ካልክ አባሪ ሆኖ ይቀጥላል። ልክ አይደለም ካልክ ደግሞ ሐሙስ ምን ልታቀርብ ነው? አንዱን በል።»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ይሄነው በዚያች ቅጽበት እንኳ ሰውየው ትክክል መጠየቁን አልካደም። እጅጌው የረዘመ ሱፍ ታየው። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ያጡት ሁለት ዘመዶች ታዩት፤ አሁን ቦታ ሞልቷል። አንዱ ስም፣ ከመቶ ሃያው የተላለፈው፣ ታየው። ከሁሉም በላይ ግን ያ የሚያረጋጋ ቃል፣ ዕድሜ ልኩን ለሁሉም ሲያድለው የኖረው፣ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ቢለው ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ዋጠው፤ መራራ ነበር።

ጥራዙን ከአቶ ውበቱ ፊት አነሣ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስሙን አየና አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተው።

«ሐሙስ አልቀርብም» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ፣ ዝቅ ሊያደርገው ግን አልሞከረም። «ጥናቱን ከዛሬ ጀምሮ ስቤዋለሁ፤ መሳቤንም ዛሬውኑ ለትምህርት ክፍሉም ለዞኑም በጽሑፍ አስገባለሁ። አባሪ አንድ የለዎትም፣ አቶ ውበቱ። ‹የተተወ› የሚል ቃል ፋይሉ ውስጥ የግድ መግባት ካለበት፣ የእኔን ምረቃ ይጻፉበት።»